አራተኛው እፍኝ

"ቀስ! ቀስ በል እንጂ!" አለ ተስፋማርያም፣ ትሪውን በሁለት እጁ ከጭኑ ብድግ አድርጎ።

ሚኒባሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ እየተንገጫገጨ ወጣ። ሰዲቅ መሪውን እንደያዘ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ።

"ጋሼ፣ ከጎሮ ቦሌ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ባንተ ጭቃ ሰበብ ሰዓት ልንደፍን ነው። ወላሂ ሙሽራ ጭኜ እንኳ እንዲህ ተለሳልሼ ነድቼ አላውቅም።"

"ሙሽራ አይሰነጠቅም።"

"ሲቲ ስትቆጣ አላየሃትማ!"

ሰዲቅ የሚስቱን ስም ጠርቶ ራሱ ሳቀ። ተስፋማርያም ግን የነጠላውን ጫፍ ገልጦ ከሥሩ ያለውን እያየ ነበር። ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ያለው የደረቀ ጭቃ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድም ስንጥቅ የለበትም። ጠርዙ ላይ "7" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የልጁ የዳናይት ጽሕፈት ነው። መልሶ ሸፈነው።

ሌሎቹ አሥራ አንድ ትሪዎች ከትናንት በስቲያ ተወስደዋል። ይኼኛውን ዳናይት ለማንም አላመነችም። ዛሬ ጠዋት ሥራዋን ለመምህራኑ ስለምታቀርብ እጇ ሙሉ ነው። "አባዬ፣ አንተ አምጣልኝ" አለችው። "በሩ ላይ ለጥበቃው ስጠው፣ እኔ ወርጄ እወስደዋለሁ።"

ለምን በሩ ላይ እንደሆነ አልጠየቃትም። ሱፉን ግን ለበሰ።

ተስፋማርያም ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። አርባውን ዓመት የኖረው ጭቃ ሲመርግ ነው። ጎሮና ሳሊተ ምሕረት ብሎኬት ከመግባቱ በፊት ቤቱ ሁሉ የእንጨትና የጭቃ ነበር፤ ስንት ግድግዳ በእጁ እንዳለፈ ቆጥሮ አያውቅም። ዛሬ የሚያሠራው የለም። ያም ሆኖ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጉድጓድ አልደፈነውም። ሁልጊዜ ጭቃ አቡክቶ፣ ላስቲክ አልብሶ ያስቀምጣል። ሚስቱ ሃረገወይን "ለማን ነው?" ስትለው "ይቡካ" ይላታል።

ዳናይት የመጨረሻ ልጁ ናት። ፊዚክስ አጥንታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ጀመረች። የምትመራመረው ስለ ጭቃ መሆኑን የነገረችው ቀን ለረጅም ጊዜ ያልሳቀውን ሳቅ ሳቀ።

"ጭቃ ሲደርቅ ለምን እንደሚሰነጠቅ?"

"ለምን ሳይሆን በምን ዓይነት ቅርጽ፣ አባዬ። ስንጥቁ እንዴት ሥርዓት እንደሚይዝ።"

"ለዚህ ዲግሪ ይሰጣሉ?"

"ይሰጣሉ።"

"እንግዲያው እኔ ፕሮፌሰር ነኝ።"

አብረው ነበር የሳቁት። ይህ የሆነው ካቻምና ነው።

ትሪዎቹ የደረቁት በእሱ በረንዳ ላይ ነው። ዳናይት አፈሩን እንደ ዱቄት እስኪልም በወንፊት ትነፋዋለች፣ ታቦካዋለች፣ ትደለድለዋለች፣ ከዚያ ታስቀምጠዋለች። በአሥር ቀኑ ጭቃው ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እንደ ወለል ንጣፍ ነው፤ አምስት ጎን፣ ስድስት ጎን፣ አንዱ ከሌላው የተካከለ። እሷ ፎቶ ታነሳለች። "አታምርም?" ትለዋለች። እሱ ፊቱን ያዞራል። ዕድሜውን ሁሉ ጭቃ እንዳይሰነጠቅ ሲደክም ለኖረ ሰው፣ እያወቁ ለስንጥቅ የሚያዘጋጁትን ጭቃ በየቀኑ አጠገቡ እያለፉ ማየት ቀላል አይደለም።

አንድ ቀን እሷ ሳትኖር አልቻለም። ወደ ሰባተኛው ትሪ ተጎንብሶ ጭድ ጨመረበት። የጤፍ ጭድ ነው፤ ጣት የሚያህል፣ ጥፍር የሚያህል፣ ብናኝም አለበት፤ ሁሉም ርዝመት ተደበላልቆ። አራት እፍኝ። አሽቶ ደልድሎት እጁን ታጠበ። ምንም አልነገራትም።

በአሥረኛው ቀን ሌሎቹ ሁሉ ተሰነጠቁ። ሰባተኛው እንዳለ ቀረ። ዳናይት ናሙናዬ ተበላሸ ብላ አለቀሰች። ያኔ እውነቱን ነገራት። መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ እንባዋ ሳይደርቅ ጠየቀችው።

"ስንት እፍኝ?"

"አራት።"

"ሦስት ቢሆን ስንጥቁ ትንሽ ይቀንሳል ማለት ነው?"

"አይቀንስም። እስከ ሦስት ድረስ እንዳልጨመርሽው ቁጠሪው። አራተኛው ላይ ጠባዩ ይለወጣል።"

"እንዲህማ አይሆንም። ቀስ በቀስ ነው የሚሆነው።"

"እሺ፣ ሞክሪው።"

እፍኙን በትንሽ ሚዛን መዘነችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለች ስትቆጥር እሱ በየትሪው በእጁ አሸላት። እሱ እንዳለው ሆነ። ሌሊት ስታነብ፣ ቀን ከጭቃው ጋር ስትውል ከረመች። አንድ እሑድ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችው።

"አየህ፣ ጭቃው ሁሉም ቦታ እኩል ሲሆን ስንጥቁ የሚያግደው የለም። አንዱ መስመር ከሌላው ይገናኝና ቅርጽ ይሠራል። አንተ የበተንከው ጭድ ግን በዘፈቀደ ነው የወደቀው። ስንጥቁ እዚህ ሲጀምር ይያዛል፣ እዚያ ሲጀምር ይያዛል። ተገናኝቶ መስመር መሆን አይችልም።"

"ጭዱን እኩል እኩል ብቆርጠውስ?"

እኩል ቆርጠው አንድ ጆንያ ሞሉ። ከእሱም ሞከሩ። ተሰነጠቀ።

"እንደ ዘበኛ ነዋ" አለ ተስፋማርያም። "ዘበኛው ሰዓቱን ጠብቆ የሚዞር ከሆነ ሌባው ሰዓቱን ይለምደዋል። መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ ነው የሚፈራው።"

ዳናይት ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። "ይቺን እናገራታለሁ" አለች።

ሚኒባሱ ከዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ፊት ለፊት ቆመ።

"እዚህ እጠብቅሃለሁ" አለ ሰዲቅ። "በለጋ ዕድሜዬ ጭቃ ጠባቂ አደረግከኝ።"

ጥበቃው ሱፉን አይቶ ብድግ አለ። ተስፋማርያም ትሪውን ሊሰጠው እጁን ሲዘረጋ "ኧረ አባት፣ ተጀምሯል፣ ይግቡ እንጂ! ሦስተኛ ፎቅ ነው" አለው። ተስፋማርያም ትንሽ አሰበ። ልጁ አሁን ልትወርድ አትችልም። ትሪውን ታቅፎ ደረጃውን ወጣ።

በሩን በክርኑ ገፋ። ከግድግዳው ሥር በተደረደሩት ትሪዎች መሃል የሰባተኛው ቦታ ባዶ ነበር። እዚያ አስቀምጦት መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰው ብዙ አይደለም፤ ሃያ ቢሆን ነው። ዳናይት ፊት ቆማ በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ስክሪኑ ላይ የእሱ በረንዳ ነበር፤ ትሪዎቹ፣ ሲሚንቶው ወለል። በአንዱ ፎቶ ጥግ ላይ የላስቲክ ጫማው ጫፍ ገብቷል።

የምትለው አይገባውም። ድምፅዋ ግን አይንቀጠቀጥም፣ ያ ይበቃዋል። መሃል ላይ በአማርኛ ስለ ዘበኛና ሌባ ተናገረች። ሰው ሳቀ። ተስፋማርያም ቀና ብሎ ተቀመጠ። ማን እንዳለው እስክትናገር ጠበቀ። ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈች።

ስትጨርስ ጥያቄ መጣ። አንዲት ጠጉሯ የሸበተ መምህርት መነጽሯን አውልቃ ጠየቀች። ዶክተር ንግሥቲ እያሉ ነው የሚጠሯት። ጥያቄዋ አጭር ነበር። ወደ ትሪዎቹ እየጠቆመች በእጇ የማቡካት ምልክት አሳየች። ጭቃውን ማን ነው የቀላቀለው ማለቷ መሆኑን ተስፋማርያም ያለ ቋንቋ ገባው።

ዳናይት ቀና አለች። ዓይኗ ኋላ ወንበር ድረስ መጣ። አየችው። ሱፉን አየች። ከዚያ ዓይኗን መልሳ መለሰች።

ከመልሷ ውስጥ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ዴይሊ ሌበረር" አለች። ይህን ያውቃል። በየግንባታው ቦታ ፎርማኑ ስም ሲመዘግብ ከስሙ ትይዩ የሚጽፈው ነው።

ዶክተር ንግሥቲ በአማርኛ ቀጠለች። "እሺ፣ ይኼ የቀን ሠራተኛ አለ? መጥቶ አሠራሩን ሊያሳየን ይችላል?"

"የለም፣ ዶክተር። አገሩ ገብቷል።"

"ስልክ የለውም?"

"የለውም።"

ተስፋማርያም እጆቹን አየ። ጉልበቱ ላይ ናቸው። ጥፍሩ ሥር ያለው ቀይ አፈር ትናንት በሳሙና ሲፈትገው አልወጣለትም ነበር። እጆቹን ሱፉ ኪስ ውስጥ ከተተ።

ሰዎቹ ለሻይ ሲወጡ እሱም ወጣ። ደረጃው ጋ ዶክተር ንግሥቲ ደረሰችበት።

"አባት፣ እርስዎ የማን ቤተሰብ ነዎት?"

ዳናይት ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ወረቀቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። አልተናገረችም። እንዲናገርም የፈለገች አትመስልም።

"ትሪውን ያመጣሁት ነኝ" አለ።

"ሰባተኛውን? በጥሩ አያያዝ ነው ያመጡት።"

"መንገዱ መጥፎ ነው" አለና ወረደ።

ሰዲቅ ወንበሩን አስተኝቶ ተጋድሟል። ሲያየው ተነሳ።

"እህስ? አለፈች?"

"ትሪው ደህና ደርሷል።"

"ጋሼ ሙት፣ ስለ ትሪው ማን ጠየቀህ?"

ተስፋማርያም በሩን ሳበው። ሰዲቅ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፣ ፊቱን አየና ሬዲዮኑን አጠፋ። ጎሮ መግቢያ ሲደርሱ ሰዲቅ "አሁንማ ጉድጓዱን አልፈራም" አለና ፍጥነት ጨመረ። በተስፋማርያም ጭን ላይ ምንም አልነበረም። ነጠላው ብቻ ነበር፣ አጣጥፎታል።

ሃረገወይን ምሳ አቅርባ እስኪቀመጥ አልጠበቀችም።

"ምን አለች? ስምህን ጠራች?"

ተስፋማርያም እጁን ታጠበ። ዳናይት ስትጨርስ ስክሪኑ ላይ ስሟ ተጽፎ ነበር፤ ራሷም አንብባዋለች። ዳናይት ተስፋማርያም።

"ተጠርቷል" አለ።

"ተመስገን!" አለች ሃረገወይን። ተደስታ ወጥ ጨመረችለት። በላ። ምን እንደበላ ግን ቢጠየቅ አይናገርም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳናይት መጣች። እናቷን ስማ፣ ጫማዋን ቀይራ ወደ ጓሮ ዞረች። ተስፋማርያም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ላስቲኩን ገልጦ ጭቃውን በአካፋ ይገለብጣል።

"አባዬ።"

አካፋው አልቆመም።

"ሙሉ በሙሉ አልተቀበሉትም" አለች። "አልጣሉትምም። ሦስት ትሪ እንደ ሰባተኛው አድርጌ እንድደግም ነው የጠየቁኝ። ጭዱ ሲቀላቀል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቪዲዮ ይቀረጽ ብላለች ዶክተር ንግሥቲ። አንድ ወር ነው የሰጡኝ። እኔ ደግሞ ባለፈው ብቻዬን ሞክሬ እንደተሰነጠቀብኝ ታውቃለህ። ያንተ እጅ ካልነካው አይሆንም።"

"ሠራተኛው አገሩ አልገባም?"

"አባዬ…"

"የት ነው አገሩ?"

ዳናይት ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

"ምን ልበላቸው? ናሙናዬን ሰው ሳይነግረኝ ነካካብኝ፣ እሱም አባቴ ነው ልበል? ሥራው በሙሉ ይወድቅ ነበር። ጭዱን ስትጨምር አንተስ እኔን ጠይቀኸኛል?"

"አልጠየቅኩሽም።"

"በቃ።"

"በቃ አይደለም። ያ የእኔ ጥፋት ነው። 'አባቴ አበላሸብኝ' ብትያቸው ተነስቼ አዎ እል ነበር።" አካፋውን ጭቃው ውስጥ ተከለው። "ትሪውን በር ላይ ስጠው ያልሽኝ ግን ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት ነው። ትናንት ማታ ነው።"

ዳናይት መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

"እዚያ ያሉትን አታውቃቸውም። የአንዱ አባት ሐኪም ነው፣ የአንዷ መሐንዲስ። ማን አስተማረሽ ሲሉኝ ጭቃ የሚመርግ አባቴ ነው ብል…"

"ብትዪ?"

"ይስቃሉ።"

"በዘበኛው ስቀው የለ? ሲስቁ ደስ አለሽ።"

"ስምህ እኮ የጥናቴ ሽፋን ላይ አለ!" ድምፅዋ ከፍ አለ። "ከስሜ ቀጥሎ ተጽፏል። ሂድና እየው።"

"እሱ የአባትሽ ስም ነው። አባት የሌለው ሰው የለም። የመራጊው ስም የት ነው የተጻፈው?"

ዳናይት አለቀሰች። ተስፋማርያም አየት አድርጓት ዓይኑን መለሰ። ሕፃን ሳለች ስታለቅስ በጭቃማ እጁ ሊይዛት ፈርቶ እናቷን ይጠራ ነበር። አሁን ማንንም አልጠራም። ወደ ጭቃው ተጎንብሶ አሸተተው። እንዲህ ነው መድረሱን የሚያውቀው፣ በአፍንጫው።

"ቦክቷል" አለ። "ትሪዎቹን እጠቢና አምጪ።"

እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ሮጠች።

ሦስት ትሪ ታጥቦ መጣ። ዳናይት ስልኳን አስተካክላ ከትሪው በላይ ያዘች። ፊቷ ፈታ ብሏል።

"እጅህ ብቻ ነው የሚገባው፣ እሺ? ሠራተኛው ተመለሰ እላቸዋለሁ። ብዙ አታውራ።"

"እሺ።"

ጭቃውን ትሪው ላይ ገለበጠ። በመዳፉ እየተጫነ አሸው። አጠገቡ ሁለት ጆንያ አለ፤ በግራው የእሱ ጭድ፣ በቀኙ ለሙከራ እኩል የቆረጡት። የመጀመሪያውን እፍኝ ከግራው ዘግኖ በተነ፣ አሸ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ጭቃው ያው ነበር። ለማያውቅ ሰው ገና ምንም እንዳልገባበት ነው።

ስልኩ ጆንያውን አያይም። ዳናይትም ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። አራተኛውን ከቀኙ ጆንያ ቢዘግን የሚያውቅ የለም። ትሪው ፀሐይ ላይ አሥር ቀን ይቆያል። ከዚያ እንደ ወለል ንጣፍ ይሰነጠቃል፤ አምስት ጎን፣ ስድስት ጎን፣ የሚያምር። የቀን ሠራተኛ ነበረ፣ አገሩ ገባ።

እጁ የቀኙ ጆንያ አፍ ላይ ደረሰ። እዚያው ቆየ።

"ምነው አባዬ? አንድ ቀረ አይደል?"

"አንድ ቀረ።"

እጁን አነሳ። ከግራው ጆንያ ሙሉ እፍኝ ዘገነ። ከዚያ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከና አንገቱን ወደ ትሪው፣ ወደ ስልኩ ሥር አስገባ።

"ተስፋማርያም ደበበ እባላለሁ" አለ ጭዱን በጣቶቹ መሃል እያንጠባጠበ። "መራጊ ነኝ። ጎሮ ነው የምኖረው። ሰባተኛውን ትሪ ሳልነግራት የነካሁት እኔ ነኝ። ዳናይት ልጄ ናት። ይኼ አራተኛው እፍኝ ነው።"

ንግግሩና ጭዱ እኩል አለቁ። ጭቃው ከእጁ ሥር ሲጠነክር ተሰማው፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፣ በአንዴ።

"አባዬ" አለች ዳናይት። "ፊትህ ገባ።"

"ገብቷል።"

ስልኩ ገና እየቀረጸ ይሁን አይሁን ቀና ብሎ አላየም። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ደለደለ።

"ሁለተኛውን ትሪ አቅርቢ" አለ።